ጀማ ውስጥ ባስ የለም፤ ትልቅ አሳ ግን አለ

ጥያቄው ይኸው፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለጥቅምት መጨረሻ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ጀማ ወንዝ ወርደን ሁለት ሌሊት ድንኳን ልንተክል አስበናል። የአሜሪካኖቹን የአሳ ማጥመድ ቪዲዮ በጣም ነው የማየው። አንድ ወዳጄ ጀማ ውስጥ ባስ አለ ብሎኛል። ለፎቶ የሚበቃ ትልቅ ባስ የት አገኛለሁ? በምንስ ልያዘው?»

ሰላም ወንድሜ።

መጥፎውን ዜና ላስቀድም። ጀማ ውስጥ ባስ የሚባለው የአሜሪካኖቹ አሳ የለም። ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለው በበሬሳ ወንዝ ውስጥም የለም፤ በሸዋ ሮቢት በኩል ባሉት ወንዞችም የለም። ጀማ ድልድይ ላይ እኔ የማውቀው ባስ ሰው ጭኖ ወደ ዓለም ከተማ ዳገቱን የሚወጣውን ነው።

ወዳጅህ ግን የዋሸህ አይመስለኝም። «ባርበስ» ሲባል ሰምቶ ይሆናል። በሳይንሳዊ ስሙ ላቤዎባርበስ የሚባለውን አሳ ብዙ ሰው አሳጥሮ ባርበስ ይለዋል። ጣና ላይ ነጭ አሳ ይባላል፤ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ደግሞ ቢልጫ። ስሙ ነው እንጂ ከባስ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ጀማ ውስጥ ደግሞ በደንብ አለ። እንዲያውም እውነቱን ልንገርህና በቀጭን ክር ከተያዘ ከባስ የባሰ ይታገላል።

ስለ ባስ ጥቂት ልበል፤ ቪዲዮው የት ላይ እንደሚያሳስትህ እንድታውቅ። ባለ ትልቅ አፉ ባስ የሰሜን አሜሪካ አሳ ነው። የተኛ ውሃ ይወዳል። ወድቆ የሰጠመ ዛፍ ሥር ወይም የውሃ ሣር ውስጥ ያደባል። የሚያልፈውን በዓይኑ አይቶ ዋጥ ያደርጋል። እስካሁን የተመዘገቡት ትልልቆቹ ወደ 10 ኪሎ ናቸው። አንዱ በ1932 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ፣ ሌላው በ2009 ጃፓን ቢዋ ሐይቅ ላይ ተያዙ። ልዩነታቸው ጥቂት ግራም ስለሆነ ክብረ ወሰኑን እስከ ዛሬ ይጋሩታል። አፍሪካ ውስጥ ባስ ያለው ሰው አምጥቶ በጨመረበት ቦታ ብቻ ነው፦ ለምሳሌ ደቡብ አፍሪካ፣ ዚምባብዌ፣ ኬንያ። ለእኛ የሚቀርበው ናይቫሻ ሐይቅ ነው። ባስ ካልያዝኩ ሞቼ እገኛለሁ ካልክ ወደዚያ ነው መንገዱ።

«ታዲያ ለምን አምጥተን ጀማ ውስጥ አንጨምረውም?» የሚለኝ አይጠፋም። በየዓመቱ አንድ ሰው ይጠይቀኛል። ናይቫሻን ተመልከት። ባሱ የገባው በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ ሐይቁ ውስጥ የነበረች፣ ጣት የማታህል አንዲት አሳ ጠፋች። ብዙ ተመራማሪ የሚጠረጥረው ባሱን ነው። የሚገርመው ያች አሳ ለረጅም ጊዜ የተጠራችበት ሳይንሳዊ ስም ነው። ስሙ የወጣው በአንቲኖሪ ነው፤ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ይኖር በነበረውና በ1882 እ.ኤ.አ. እዚያው በሞተው ጣሊያናዊ አሳሽ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ሸዋ ይመጣል። ብቻ ባሱን ተወው።

አሁን ወደ አንተ ጉዞ እንምጣ።

መጀመሪያ የሰሜን ሸዋን ውሃ እወቅ። አገሩ ሁለት ጀርባ አለው። ጣርማበር አፋፍ ላይ ቆመህ ወደ ምሥራቅ የወረደው ዝናብ በሮቢ፣ በጀውሃ፣ በከሰም አድርጎ አዋሽ ይገባል። አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። ወደ ምዕራብ የፈሰሰው በሞፈር ውሃ፣ በወንጭት፣ በጀማ አድርጎ አባይ ይገባል። ይህ የጂኦግራፊ ትምህርት አይደለም። መንጠቆህ ላይ የሚመጣውን አሳ የሚወስነው እሱ ነው። በአዋሽ በኩል የምታገኘው ባርበስ፣ አምባዛና ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው። በጀማ በኩል እነዚህ ሦስቱም አሉ፤ በዚያ ላይ የአባይ ወገን የሆኑ ሁለት ግዙፎች ይጨመራሉ። አንዱ ባግረስ ነው፤ ሪዙ ረጅም፣ እሾሁ ክፉ። ሌላው ሄተሮብራንከስ ነው፤ አምባዛ ይመስላል፣ ግን ጀርባው ላይ ከኋላ በኩል ሰፊ የስብ ክንፍ አለው። ይሄኛው ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም አሳ ነው። ስለዚህ ለትልቅ አሳ ጀማን መምረጥህ ትክክል ነው። በሬሳ ላይ ግን ጊዜህን አታጥፋ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ውሃው ቀዝቃዛ፣ አሳው ትንሽ ነው።

የት? ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው በሙከጡሪ ታጥፎ፣ ለሚን አልፎ ጀማ ድልድይ ይወርዳል። አንተ በደነባና በእነዋሪ በኩል አፋፉ ላይ ደርሰህ በእግር መውረድ ትችላለህ፤ ግን ከባድ ነው፣ መውጣቱ ደግሞ ከመውረዱ ይብሳል። ድልድዩ ሥር አትስፈር። መኪና የሚቆምበት ቦታ ሁሉ ስንት መንጠቆና መረብ ያየ አሳ ነው ያለው። ከድልድዩ ሽቅብም ሆነ ቁልቁል አንድ ሰዓት ተጓዝ። ትልቅ አሳ ፈላጊ ከሌላው ሰው የሚለየው በዘንጉ ሳይሆን በጫማው ነው።

ከዚያ ውሃውን አንብብ። የምትፈልገው ይህን ነው፦ ውሃው በድንጋይ ላይ እየተንኮሻኮሸ ወርዶ፣ ድንገት የሚተኛበት ጥልቅ ኩሬ። ኩሬው ገደል ተደግፎ ከሆነ የበለጠ ጥሩ። ቪዲዮው ላይ ሰውየው የኩሬው መሐል ላይ፣ ሣሩ ጠርዝ ላይ ሲወረውር አይተሃል። አንተ እንደዚያ አታድርግ። ባርበስ የወንዝ ልጅ ነው። አፍንጫውን ወደ ወራጁ አዙሮ ይቆማል። ወራጁ የሚያመጣለትን ትል፣ ነፍሳት፣ ትንንሽ አሳ ይጠብቃል። ትልቁ አሳ ደግሞ ምርጡን ቦታ ይይዛል። እሱም ፈጣኑ ውሃ ኩሬው ውስጥ የሚገባበት አፍ ላይ፣ ከወራጁ ጎን፣ ውሃው ጸጥ ማለት የሚጀምርበት መስመር ነው። አረፋው ወዴት እንደሚሄድ ተመልከት። አረፋው የሚሄድበት ምግቡ የሚሄድበት ነው። እዚያ መስመር ላይ ከትልቅ ድንጋይ ኋላ ማረፊያ ካለ፣ አሳው እዚያ ነው።

ቀን በፀሐይ ግን ታች ይወርዳል። ንጋት ላይና ፀሐይ ገደሉን ከተሻገረች በኋላ ወደ አፉ ይወጣል። ሸለቆ ውስጥ ፀሐይ ቶሎ ስለምትጠልቅ የማታው ጊዜ ረዘም ያለ ነው። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቦታህ ላይ ተቀምጠህ ጠብቅ።

አሁን በጣም ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርህ። ባርበስም ሆነ አምባዛ ጆሯቸው ከባስ ይበልጣል። የአየር ከረጢታቸውን ከውስጥ ጆሯቸው ጋር የሚያገናኙ ትንንሽ አጥንቶች አሏቸው። ከረጢቱ እንደ ከበሮ ድምፁን ይቀበላል፤ አጥንቶቹ ያስተላልፋሉ። ባስ ይሄ የለውም። ወሬህ ብዙም አይሰማቸውም፤ በአየር ያለ ድምፅ ውሃው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። እግርህ ነው ጉዱ። ጠጠር ላይ ስትረግጥ፣ ድንጋይ ስትንድ፣ ድንኳን ካስማ ስትመታ በመሬት ይሄዳል። ስፒከር ይዛችሁ ከሆነ ድንጋይ ላይ አታስቀምጡት። ያኔ በእርግጥ ጀማ ውስጥ ባስ ይኖራል፤ አሳ ግን አይኖርም።

ጥላህንም ጠብቅ። ፀሐይ ከኋላህ ከሆነች ጥላህ ከአንተ ቀድሞ ውሃ ይገባል። ቁጭ በል። ነጭ ቲሸርት አትልበስ።

ጥቅምት መጨረሻ ጥሩ መርጠሃል። ክረምት ላይ ወንዙ ጭቃ ነው፤ ከዚህም በላይ ባርበስ በዝናቡ ጊዜ ወደ ገባሮቹ ሽቅብ ወጥቶ በጠጠር ላይ እንቁላል የሚጥልበት ወቅት ነው። ያኔ ማጥመድ የመጪውን ዓመት አሳ መግደል ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ውሃው ይጠራል፤ ከእንቁላል የተመለሰው አሳ ተርቧል። ሌላው ጥሩ ጊዜ የካቲትና መጋቢት ነው። ወንዙ አንሶ አሳው በየኩሬው ይሰበሰባል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ስለሚበርድ አሳው ይሰንፋል።

ዕቃ ላይ አላበዛም። የሁለት ሜትር ተኩል ዘንግ፣ ደህና ሪል፣ 0.35 ሚሊ ሜትር ክር ለባርበስ ይበቃል። ለሌሊቱ አምባዛ ወፍራም ክር ያዝ። ክሩ አዲስ ይሁን። እኔ የሕይወቴን ትልቁን አሳ ያጣሁት ሁለት ክረምት መኪና ውስጥ በፀሐይ የተቀቀለ ክር ተጠቅሜ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ታገልኩ፤ ጎኑን አየሁት፣ እንደ ነሐስ ሰሃን አብረቀረቀ። ከዚያ ክሩ እንደ ሸረሪት ድር ብጥስ። ጓደኛዬ እስካሁን «ስንት ኪሎ ነበር?» እያለ ያሾፍብኛል። ኪሎው በየዓመቱ ይጨምራል።

ክሩን የሚያሰምጠው እርሳስ ክሩ ላይ የሚንሸራተት ይሁን። አሳው ሲጎትት ክብደቱ እንዳይሰማው ነው። ባርበስ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ አፉን እንደ ቱቦ አውጥቶ ይመጥጣል። የሚፈጨው ጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጥርሶች ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሰማህ ቶክ ቶክ የምትል ነገር ናት። አትጎትት። ዘንጉ ጎንበስ ብሎ ክሩ መሄድ ሲጀምር ያኔ አንሳ። ለመንጠቆው የምድር ትል ከሁሉ ይበልጣል። ከሰብል ማሳ ዳር የተያዘ ፌንጣም ጥሩ ነው፤ በተለይ ጥቅምት ላይ። ሊጥ ትንንሾቹን ነው የሚጠራው። ትልልቁ ባርበስ ትንንሽ አሳ ስለሚበላ፣ ቪዲዮ ላይ ያየኸው የሚሽከረከር ማንኪያ መሳይ ብረት ማታለያ እዚህ ይሠራል። ትንሹን ግዛ። ሽቅብ ወርውረህ ከወራጁ ጋር ትንሽ ፈጠን አድርገህ ሰብስብ። ከአሜሪካኖቹ ዕቃ እኔ ለጀማ የምይዘው ይህችን ብቻ ነው። የጎማ ትሉንና የጎማ እንቁራሪቱን ተዋቸው።

ሲመሽ ጨዋታው ይቀየራል። አምባዛ የሌሊት ነው። በማየት ሳይሆን በሪዙ ዳሶና አሽትቶ ነው የሚያገኘው። ጉበት ወይም የአሳ ቁራጭ ሰካና ኩሬው ወደ ጥልቁ ከመውረዱ በፊት ያለው ጠርዝ ላይ አኑር። ብዙ ሰው መሐል ላይ ይወረውራል፤ አምባዛው ግን እግሩ ሥር ዳር ዳሩን እየተሳበ ነው። ከመጣ እጅህን ጠብቅ። ጎንና ጎኑ ያሉት ክንፎች ፊት ላይ የሚቆለፍ እሾህ አላቸው። ባግረስ ጀርባውም ላይ ጨምሮ አለው። ከጭንቅላቱ ኋላ፣ ከእሾሁ ጀርባ ያዝ። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ? በባዶ እጅ ድንጋይ ሥር አትጎርጉር። አባይ ሸለቆ ውስጥ አዞ አለ፤ ጀማ ደግሞ አባይ የሚገባ ወንዝ ነው። ከመስፈርህ በፊት እረኞቹን ጠይቅ፤ የትኛው ኩሬ እንደሚያሰጋ ያውቃሉ። ማታ ውሃ ውስጥ አትግባ። አሳ የምትገፈው ከድንኳኑ ርቀህ ይሁን።

የድንኳኑ ነገር ከአሳው ይበልጣል፤ ልቆይበት። ወንዝ ዳር ያለው ንጹሕ አሸዋ ያምራል። ለዚህ ነው የሚያታልለው። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። ጀማ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ እየቆጠርክ፣ መንዝ ላይ ዝናብ ሊወርድ ይችላል። ደራሹ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ነው። አንድ ጊዜ በመጋቢት፣ ያውም በበልግ፣ አሸዋው ላይ ሰፈርን። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ። እንደ ባቡር ነው የሚያጓራው። ሰው ተረፈ። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱና የአንዱ ጓደኛችን ጫማ ወደ ሱዳን ሄዱ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው ቁጥቋጦውን ነው። ቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠለ ገለባና ጭራሮ ካለ ውሃው እዚያ ድረስ መጥቶ ያውቃል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ስፈር። መውጫ መንገድህንም በቀን ለይ።

ጥቅምትና ኅዳር ቆላው ላይ የወባ ወቅት ነው። አንተ ደጋ ለምደህ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው የምትወርደው። አጎበር ያዝ። በተመለስክ በሳምንት በሁለት ሳምንት፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን ትኩሳት ከተሰማህ ጉንፋን ነው ብለህ አትተኛ፤ ተመርመር፣ ቆላ እንደነበርክም ንገራቸው። የወንዙን ውሃ አፍልተህ ጠጣ። በተኛ ውሃ ውስጥ አትዋኝ፤ ቢልሃርዚያ አለ።

ከሁሉ በፊት ግን መንገዱና አካባቢው ሰላም መሆኑን እዚያው ከሚኖር ሰው ጠይቅ። ሰላም ካልሆነ አሳው የትም አይሄድም፤ ለሌላ ጊዜ አቆየው። ስትደርስም ቀበሌው ይወቅህ። ለአሳ ማጥመዱ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቅ፤ የፌዴራል የአሳ ሀብት አዋጅ አለ፣ ክልሎችም የራሳቸው ሕግ አላቸው። የመስኖ ማሳ ውስጥ ስታልፍ ባለቤቱን ሰላም በልና አስፈቅድ። አንድ የአገሩን ወጣት በቀን አበል ውሰድ። የእኔን ሁለት ገጽ ምክር በአሥር ደቂቃ ያስረሳሃል።

ይህ ወጣት ወይም ሌላ ሰው ግን «በብርብራ ቶሎ እናውጣልህ» ካለህ እንቢ በል። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ኩሬው ውስጥ ሲበተን አሳው ኦክስጅን እያለ ኦክስጅኑን መጠቀም ያቅተዋል። ይንሳፈፋል። ትልቁም፣ ጫጩቱም፣ ሊበላ የማይችለውም። በአንድ ከሰዓት የተገደለን ኩሬ ብዙ ክረምት አይመልሰውም። ሌሊት በአጎበር የሚያጠምዱትም እንዲሁ ናቸው። ትልቅ አሳ የጠፋባቸውን ቦታዎች እኔ የማውቃቸው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

ለእራት አንድ ሁለት መካከለኛ ያዙ። ባርበስ ሥጋው ውስጥ ቀጫጭን አጥንት ሞልቶታል። አሳን መብላት በብልሃት የተባለው ለእሱ ነው የሚመስለኝ። ጎንና ጎኑን በጣም አቀራርበህ ተልትለው፣ ጨው ነስንሰህ በደንብ በጋለ ዘይት ጥበሰው፤ አጥንቱ ይንኮሻኮሻል። ከላይ ሎሚ፣ ከጎን ዳጣ። አምባዛ አጥንት የለውም ማለት ይቻላል፤ ግን ቅርፊት ስለሌለው የማይበላው ብዙ ሰው አለ። ከጓደኞችህ መሐል እንዲህ ያለ ካለ ድስቱን ለይለት።

ትልቁን ግን አትብላው። ትልልቆቹ ባርበሶች አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ ወንዱ ቶሎ ደርሶ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። እዚያ መጠን ለመድረስ ብዙ ክረምት ፈጅቶባታል። የምትጥለውም እንቁላል ከትንሿ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ገና ቤት እያለህ የመንጠቆውን ምላስ፣ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረችውን እሾህ፣ በፒንሳ ጨፍልቀው፤ በቀላሉ ይወጣል። ሜትር ኪስህ ውስጥ ይሁን። ለመመዘን የማዳበሪያ ጆንያ አትጠቀም፣ ቆዳዋን ይፍቃታል፤ የረጠበ ለስላሳ ፕላስቲክ ይሻላል። እጅህን አርጥብ። በመንጋጋዋ አንጠልጥለህ አታንሳት፤ ያ ባስ የሚያዝበት መንገድ ነው፣ የእሷን አፍ ይቀድዳል። አንድ እጅ ከሆዷ ሥር፣ አንድ እጅ ጅራቷ ላይ። ካሜራው አስቀድሞ ዝግጁ ይሁን፤ ትንፋሽህን ይዘህ መቆየት እስከምትችል ድረስ ብቻ ነው ከውሃ ውጪ የምትቆየው። ከዚያ ጉልበት በሚደርስ ወራጅ ላይ ፊቷን ወደ ላይ አዙረህ ያዛት። አትግፋት። ስንጥቧ፣ ማለትም መተንፈሻዋ፣ ሲከፈትና ሲዘጋ ታያለህ። አንድ ደቂቃም ሊፈጅ ይችላል፣ አምስትም። ጅራቷ እጅህን መታ አድርጎ ራሷ ስትሄድ ልቀቃት።